አባባን ያስቀረሁበት ዝርዝር

ለውድ ወንድሜ ለመሳፍንት፣

ርቀህ ባለህበት አገር እንደምን ሰነበትህ? ጤናህስ እንዴት ነው? ባለቤትህ እየሩስስ ደኅና ናት? የልጅህ የዜማ ሳል ለቀቃት ወይ? እኛ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና በሕይወት አለን፤ እኔ ግን ደክሞኛል። በስልክ እንዳልነግርህ እንባ ይቀድመኛል፤ ከሌላ ሰው አፍ ሳትሰማው ብዬ ነው የምጽፍልህ።

መስከረም ላይ የወረደው በረዶ የቀበሌውን ጤፍ ከጭቃ ጋር ለውሶት እንደቀረ ታውቃለህ። ጥር ላይ የመንግሥት የእርዳታ ስንዴ ተፈቀደና ተቀባዮቹን የሚለይ ኮሚቴ ተመረጠ። ስምንተኛ ክፍል ስለደረስሁ ጸሐፊ አደረጉኝ። የመጣው ኮታ ለችግረኛው ግማሽ እንኳ አይበቃም። መጨረሻ ላይ አንድ ቦታ ብቻ ቀረች፤ ለእሷ የታጩት ደግሞ አባባና ጎረቤታቸው ሥራነሽ ነበሩ። ሥራነሽ ባሏ ከሞተ ወዲህ አራት ልጆቿን እንጨት እየሸጠች ነው የምታሳድግ። አባባ ብቻቸውን ቢሆኑም አንድ በሬ አላቸው፤ መስፈርቱ በሬ ያለው ይቆይ ይላል። የኮሚቴው ሊቀ መንበር ይስማው አዝኖልኝ፣ «በሬው የአንቺ ነው ብለን እንለፈው» አለኝ። እንቢ አልሁ። የሥራነሽን ስም በእጄ ጻፍሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዝርዝሩን ለሕዝብ ያነበብሁት እኔው ነኝ። ጨርሼ ወረቀቱን ሳጥፍ አባባ ከተቀመጡበት ተነሥተው፣ «ልጄ፣ ዘለልሽኝ መሰለኝ፤ እስቲ ደግመሽ አንብቢው» አሉኝ። ደግሜ አነበብሁት። ሲያልቅ ጋቢያቸውን አስተካክለው ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ ቤቴን አልረገጡም። ከልጆቼ ቀንሼ የምልክላቸውን እህል ይመልሱታል። ሥራነሽም ከደረሳት ላይ አንድ ቁና ይዛላቸው ብትሄድ «ለልጆችሽ» ብለው መለሷት። ባለፈው ሐሙስ ደግሞ በሬውን ይጁቤ ገበያ ነድተው ሸጡት። ሰምቼ እየሮጥሁ ብሄድ ደጃፋቸው ላይ ቆመው፣ «አሁንስ ችግረኛ ሆንሁልሽ?» አሉኝ።

የሁለተኛው ዙር ዝርዝር እየተዘጋጀ ነው። አሁን አባባ መስፈርቱን ያሟላሉ፤ ስማቸውን የምጽፈውም እኔው ነኝ። ክረምት ሲገባ በምን እንደሚያርሱ ግን እንጃ። እባክህ ደውልላቸው። እኔን ይቅር እንዲሉኝ ብለህ አይደለም፤ የበሬውን ዋጋ በልተው ሳይጨርሱት ወይፈን እንዲገዙበት ለምናቸው፤ አንተን ይሰሙሃል።

ባለቤቴ ዓለምነውና ልጆቹ ሰላም ብለውሃል። ለእየሩስ የእኅትነት ሰላምታዬን ንገርልኝ፤ ዜማን ጉንጯን ሳምልኝ። ከአባባ ሰላምታ አልተቀበልሁልህም፤ ከሐሙስ ወዲህ ደጃቸውን ለመርገጥ አልደፈርሁም።

እኅትህ አይናዲስ
ይጁቤ አጠገብ፣ መጋቢት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.