ስለ መንጌው ዘር የጻፍከው ኢሜይል

የሱዓድ አባት፣

ከተለየኸን ሁለት ክረምት አለፈ። ሱዓድ ቁመቷ ትከሻዬን አልፏል፤ የጓሮው ማንጎ ዘንድሮ አፈራ፤ የአሶሳ መብራት ዛሬም እንደ ልማዱ ይሄዳል፣ ይመጣል። ደህና ነን ብዬ ብጀምርልህ ደስ ባለኝ። ግን ተናድጃለሁ።

በሞትክ ሰሞን መሥሪያ ቤትህ ግብርና ቢሮው ያከፋፈለው የማሽላ ዘር መንጌ ወረዳ ላይ ሳይበቅል ቀረ። ገበሬው ማን ሰጠን ብሎ ሲጠይቅ ኃላፊህ ያንተን ስም ጠራ። ሞተህ አትመልስለትማ! ሱዓድን እንኳ ገበያ ላይ አንዲት ሴት "የዚያ የበሰበሰ ዘር ሰውዬ ልጅ" አለቻት። እያለቀሰች ገባች።

እኔ ግን ያን ዘር በረንዳችን ላይ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለህ ስትሞክረው አይቻለሁ። አልበቀለም። እንዳይከፋፈል ብለህ ለኃላፊህ በኢሜይል መጻፍህንም ነግረኸኛል።

መሥሪያ ቤትህ ሄጄ መልእክቱን አሳዩኝ አልኩ። ኮምፒውተርህ ተጠርጎ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። "አይዞሽ፣ ኢሜይሉን ሁሉ ገልብጠናል" ብለው ሲዲ ሰጡኝ። ስከፍተው ያለው የኢሜይሉ ፕሮግራም ምልክት ብቻ ነው፤ ያቺ ስክሪኑ ላይ የምንጫናት ትንሽ ስዕል! የሱቁን ታፔላ ነቅሎ ዕቃውን ጫንኩ እንደማለት ነው። መልእክቶቹ ሁሉ የሚቀመጡበት ፋይል ሌላ ቦታ መሆኑ የገባው ሰው አልነበረም። ኢንተርኔቱ ላይም የለም፤ መስመሩ እየተቆረጠ ሲያስቸግርህ ሁሉንም ወደ ኮምፒውተርህ አውርደህ ነበር የምትሠራው። ኃላፊው "እንግዲያው አልጻፈም ማለት ነው" አለ። ስለ ሰነድ አያያዛቸው ስጠይቀው ደግሞ ክልሉ ገና አዲስ ነው አለኝ። የሟች ስም ከማጥፋት ግን አዲስነቱ አልከለከላቸውም!

ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ አንተም ታናድዳለህ። ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በፊት ፋይሉን በሲዲ ትገለብጥ ነበር። ፕሮግራሙ መጀመሪያ ካልተዘጋ ፋይሉ በደንብ አይገለበጥም እያልክ ስታሰለቸኝ ኖረህ፣ ሲዲውን የት እንደምታስቀምጥ አንድ ቀን እንኳ አልነገርከኝም። ቁም ሳጥኑን አተራመስኩት። ያገኘሁት በቦት ጫማህ ካርቶን ውስጥ ነው።

ኮምፒውተር ጽሕፈት የምትሠራው ጎረቤታችን ዘሃራ ፋይሉን በፕሮግራሙ ስትከፍተው ተንሰቀሰቅኩ። "ዘሩ አልበቀለም፤ ለገበሬ እንዳይሰጥ" ይላል ያንተው። ከሥሩ የኃላፊው መልስ አለ፦ "ደርሶናል።" ደርሶናል! አሳትሜ ወሰድኩለት። አንብቦ ሲያበቃ "ሟች ይረፍበት፤ አሁን ምን ያደርግልሻል?" አለኝ። ሟቹን ማን አላሳርፍ ብሎት ነው!

ወረቀቱን ይዤ መንጌ ሄድኩ። በርታ ቋንቋ እስካሁን አፌ ላይ እንደማይቃና ታውቃለህ፤ እኔ በአማርኛ አነበብኩ፣ አንድ መምህር ተረጎመላቸው። ሲያልቅ አንድ ሽማግሌ ተነሡ። እኔን በርታው እንደሚያስቸግረኝ እሳቸውንም አማርኛው ያስቸግራቸዋል። "አንተ ሚስቱ ነህ? እኛ ረገምነው። እሱ ለእኛ ጽፎ ነበር" አሉኝ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉልህ፤ የተሰበሰበው ሁሉ አሚን አለ። ሱዓድ አጠገቤ ነበረች፤ ሰምታለች።

ፋይልህን አባዝቼዋለሁ። አንዱ ቤት ነው፣ አንዱ ባምባሲ እህትህ ዘንድ። ኃላፊው ግን እስካሁን መንጌ ሄዶ አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

እስክሞት አልረሳህም። እሱንም አልረሳውም።