ክንዴ ላይ የተያዘው ቁልፍ የኮት አለመሆኑን ስለ ማሳወቅ

ለክቡር የልብስ ስፌት ፋብሪካችን የጥበቃና ሥነ ሥርዓት ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

የተከበሩ ኃላፊ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም ሌባን ከንጹሕ ሰው በአንድ እይታ የሚለየው ዓይንዎ ደህና መሆኑን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከስኳሬ በቀር እጅግ ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በምግብ አዳራሹ ሰሌዳ ላይ፣ ከራስዎ ማስታወቂያ ጎን የለጠፍኩት ክብርዎን ለመዳፈር አይደለም። ሦስት ጊዜ ቢሮዎ ብመጣ ሦስቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ ነዎት ተባልኩ። ሰሌዳው ግን ስብሰባ የለበትም።

እኔ በጨርቅ ቆረጣ ክፍል፣ ሁለተኛው ጠረጴዛ ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የቆረጥኩ ሴት ነኝ። ብዙ ስለማልናገር አያውቁኝ ይሆናል። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ያልተናገርኩት ሁሉ በአንድ ቀን ስለመጣብኝ ደብዳቤው ቢረዝም ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ስኳር ካለብኝ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ድሮ ስኳሬ ሲወርድ ላብ ያጠምቀኝ፣ እጄም ይንቀጠቀጥ ስለነበር ቶሎ ነቅቼ አንድ ነገር እቀምስ ነበር። ሰውነቴ ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ማስጠንቀቅ ሰለቸው መሰለኝ፣ ዛሬ ዛሬ ምንም ሳይነግረኝ ይወርዳል። ስለዚህ ከአራት ወር በፊት የጤና ጣቢያዋ ሲስተር ክንዴ ጀርባ ላይ አንዲት መለኪያ ለጠፉልኝ። ክብ ናት፣ ነጭ ናት፣ የትልቅ ኮት ቁልፍ ታህላለች። ከሥሯ እንደ ፀጉር የቀጠነች ነገር ቆዳዬ ውስጥ ገብታ ስኳሬን ትለካና ለስልኬ ትነግረዋለች። ስኳሬ ሲወርድ ስልኬ ይጮኻል፣ እኔ ከረሜላ እበላለሁ፣ ከዚያ ቆረጣዬን እቀጥላለሁ። የወንጀሉ ዝርዝር ይኸው ነው።

አንዷ መለኪያ አሥራ አራት ቀን ትሠራለች ይባላል። እንግዲህ ክቡርነትዎ አሥራ አራት ቀን አንድ ቁልፍ ክንድዎ ላይ ለጥፈው ለመኖር ሞክረው ያውቁ እንደሆነ አላውቅም። የመጀመሪያዋን የመኝታ ቤቴ የበር መቃን ወሰዳት፤ ያ መቃን ሃያ ዓመት አብረን ስንኖር አንድ ቀን ነክቶኝ አያውቅም ነበር። ሁለተኛዋን የባሌ እህት ወሰደቻት። እሷ ሰው ሰላም የምትለው ምንጣፍ እንደሚያራግፍ ሰው ነው፤ «ውይ ናፍቀሽኝ!» ብላ ክንዴን ስትጨብጥ መለኪያዬ በረንዳው ላይ ስትንከባለል አየኋት። ሦስተኛዋን እኔው ራሴ ከቀሚሴ ጋር አወለቅኋት።

ከዚያ በኋላ ልብ ገዛሁ። ልብስ ስለብስ ባለ መለኪያውን ክንድ አስቀድማለሁ፤ ሳወልቅ መጨረሻ ላይ አወጣዋለሁ። ቦርሳዬን በሌላው ትከሻ እይዛለሁ። ገላዬን ስታጠብ ክንዴን እንደ ተኛ ሕፃን ዙሪያውን እዞረዋለሁ እንጂ አልፈትገውም። አውቶቡስ ውስጥ ያንን ክንድ ለመስኮቱ፣ ሌላውን ለሕዝቡ እሰጣለሁ። በር ሳልፍ እንደ ሙሽራ ቀስ እላለሁ። በላይዋ ላይ ሰፊ ፕላስተር እለጥፋለሁ፤ በፕላስተሩ ላይ ደግሞ እኔው የሰፋሁትን የሚለጠጥ ማቀፊያ አደርጋለሁ። የማቀፊያው ጨርቅ ከፋብሪካው ቁርጥራጭ አለመሆኑን ከወዲሁ አሳውቃለሁ። የባሌ ካልሲ አንገት ነው። ሁለተኛው እግር ለምስክርነት መሳቢያዬ ውስጥ ተቀምጧል።

እንዲህ አድርጌ ሰባተኛዋን መለኪያ ለስድስት ቀን ያህል ያለ አንዳች ጭረት ካኖርኩ በኋላ ነው ከክፍልዎ ጋር የተገናኘነው። አቤቱታዬንና ምስጋናዬን ለይቼ መጻፍ ስላቃተኝ አንድ ላይ ቆጥሬ አቅርቤአለሁ።

፩ኛ. ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ለምሳ ስንወጣ፣ በር ላይ የምትፈትሸን እህታችን፣ የፍተሻዋን ጥልቀት አይተን «ማበጠሪያ» የምንላት፣ ክንዴን ስትዳብስ እጅ ከፍንጅ ያዘችኝ። በእሷ አልፈርድም። ከአንድ ወር በፊት አንዲት ሠራተኛ አራት የኮት ቁልፍ ብብቷ ሥር በፕላስተር ለጥፋ ስትወጣ ተይዛለች። እነሆ አሁን ደግሞ ፕላስተር፣ ከፕላስተሩ ሥር ክብ፣ ነጭ፣ ደህና ውፍረት ያለው ነገር! ለመለኪያዬ ያደረግሁላት ጥንቃቄ ሁሉ ማስረጃ ሆነብኝ። «የስኳር ነው» ብላት «አዎ፣ ያቺኛዋም የብብት እባጭ ነው ብላ ነበር» አለችና መንጭቃ አወጣችው። በር መቃንም የባሌ እህትም እንዲህ ባለ ሙያ አልነቀሉልኝም። ስልኬም ሲጮኽ በመገኘቱ በግብረ አበርነት አብሮ ተያዘ። የክፍሌ ኃላፊ ስልኩን ሽርጥ ኪሴ ውስጥ እንድይዝ ፈቅደውልኝ እንደነበር ብናገር የሰማኝ የለም፤ ስለ ንቃታችሁ አመሰግናለሁ።

፪ኛ. መለኪያዬና ስልኬ የተቀመጡት እርስዎ ጠረጴዛ ላይ ነበር። መለኪያዋ ከክንዴ ስትለይ ያገኘችውን ነው የለካችው። ስልኬ በማግስቱ ሲመለስልኝ ባየሁት መሠረት ከሰባት ሰዓት ጀምሮ የጠረጴዛዎ ስኳር ለሕይወት በሚያሰጋ ሁኔታ ወርዶ ነበር። ስልኬ ደጋግሞ ጮኾ ለጠረጴዛዎ ጣፋጭ እንዲሰጠው ሲማጸን፣ ተረኛው ጥበቃ «ኧረ ይቺ ሴትዮ ደዋይ በዛባት!» ብሎ ትራስ ሥር እንደከተተው ነግሮኛል። ጠረጴዛዎ እንዴት እንዳደረ እስካሁን አልሰማሁም። እግዚአብሔር ይማረው።

፫ኛ. «የተያዘ ንብረት ወደ ነበረበት ይመለሳል» በሚለው ደንብዎ መሠረት መለኪያዬ በማግስቱ ወደ ቁልፍ መጋዘን ተላከች። የመጋዘኑ ጋሼ ዙሪያዋን ለክተው፣ ከየትኛውም ሣጥን ጋር አልገጥም ስትላቸው ለናሙና ክፍል አሳለፏት። የናሙና ክፍሏ እትዬ ግን ወደዷት። ቀዳዳ የላትም፤ ክር አትፈልግም፤ ጀርባዋ ራሱ ይለጠፋል፤ ከመሐሏ የወጣችው ቀጭን ነገር ጨርቁን ቆንጠጥ ታደርጋለች። ራሷን በራሷ የምትሰፋ ቁልፍ! ሐሙስ ጠዋት ወደ ሥራ ስገባ መግቢያው ላይ የቆመችው የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት አዲሱን ነጭ ኮት ለብሳ፣ መለኪያዬን ደረቷ ላይ አድርጋ ተቀበለችኝ። ሲስተር ክንድ ላይ ነው የሚለጠፈው ቢሉኝም፣ ደረት ላይ እንዲህ ማማሯን ማንም አልነገረኝም ነበር። ሳቄ መጣ። እኔ ስስቅ ሰው አይቶ ስለማያውቅ፣ አብራኝ የምትሠራው ጨርቅ አንጣፊዋ «ወረደባት! ወረደባት!» እያለች ሁለት ከረሜላ አፌ ውስጥ ከነወረቀታቸው ወተፈችብኝ። ጋሼ ለኮቱ የሚያስፈልጉትን የቀሩትን አምስት ቁልፎች በመጋዘኑ ውስጥ ዛሬም በመፈለግ ላይ ናቸው።

፬ኛ. በዚህ ሰኞ የወጣው ማስታወቂያዎ «ከሠራተኛው አካል ጋር የተጣበቀ ማናቸውም ነገር በሩ ላይ ተነቅሎ ይቀመጣል» ይላል። አጻጻፉ ግልጽና ቆራጥ ነው። ይሁን እንጂ የመጋዘኑ ጋሼ የተተከሉላቸውን ሦስት ጥርሶች ጠዋት አስረክበው ማታ ይቀበሉ ወይስ ከምሳ በፊት ይመለሱላቸው እንደሆነ በማብራሪያ ቢገለጽ መልካም ነው። የኪስ ሰፊዋ እህታችን ጥፍሮችም የራሷ አይደሉም፤ አሥር ናቸው፤ ሣጥን ያስፈልጋቸዋል።

፭ኛ. ይህኛው አያስቅም፤ ቢሆንም ከቁጥሩ ውስጥ ነው።

መለኪያዬ ጠረጴዛዎ ላይ ሆና ጠረጴዛዎን ስትለካ፣ እኔ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ያለ እሷ ሥራ ገባሁ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የእጅጌ ቅድ እየቆረጥኩ ነበር። የእኛ መቁረጫ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ቀጥ ያለ ስለት ነው፤ ሰማንያ ድርብ ጨርቅ እንደ ምንም ያልፋል፤ ጣትን ግን ከጨርቅ አይለይም። እኔ መስመሩን ይዤ የምሄድ መስሎኝ ነበር። አንጣፊዋ እንደነገረችኝ ግን ከመስመሩ ወጥቼ ጨርቁን ወደያዘው ወደ ራሴ ግራ እጅ እየነዳሁት፣ በጣም ደስ ብሎኝ ፈገግ እያልኩ ነበር። ስሜን ጠራችኝ፤ አልሰማሁም። ዘላ ማብሪያ ማጥፊያውን ስታጠፋው በስለቱና በአውራ ጣቴ መካከል የቀረው ሁለት ጣት የማይሞላ ነበር። ወለሉ ላይ አስቀምጣ የሻይ ስኳር በውሃ በጥብጣ አጠጣችኝ። ስነቃ መጀመሪያ ያየሁት አሥሩም ጣቶቼን አንድ በአንድ ስትቆጥራቸው ነው። ስታለቅስ ነበር። ያን ዕለት ማንም ሰው ከክንዴ ላይ ምን እንደተነቀለ አልጠየቀኝም፤ የተበላሸው የእጅጌ ቅድ ግን ተመዝግቦብኛል።

ክቡር ሆይ፣ አሁን ክንዴ ላይ ያለችው ስምንተኛዋ መለኪያ ናት። ጤና ጣቢያው በወር ከሁለት በላይ አይሰጥም። ይህች ከተነቀለች ለቀጣዮቹ ዘጠኝ ቀናት ከስለቱ ጋር ብቻችንን ነን። ስለዚህ የምለምነው ጥቂት ነው። ፈታሾች ክንዴን ከመዳበሳቸው በፊት ይጠይቁኝ፤ እጅጌዬን ሰብስቤ በዓይናቸው አሳያቸዋለሁ። ስልኬ ሽርጥ ኪሴ ውስጥ ከእኔ ጋር ይግባ። ማስታወቂያውም «ለሕክምና ከተደረገ በቀር» የሚሉ ሦስት ቃላት ይጨመሩበት። እስኪርብቶ ከሌለዎት የእኔን አውሳለሁ።

ደግሞም «አንድ ትልቅ ነጭ የኮት ቁልፍ ከነማጣበቂያው ይዞ ለመውጣት በመሞከር» ተብሎ ለፊታችን ሐሙስ ለሥነ ሥርዓት ኮሚቴ ስለጠሩኝ ከፍ ያለ ክብር ተሰምቶኛል። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ስብሰባ ላይ ስጠራ የመጀመሪያዬ ነው። በሰዓቱ እገኛለሁ። መለኪያዬን ነቅዬ አልመጣም፣ ሸፍኜም አልመጣም። እጅጌ የሌለው ቀሚስ ለብሼ እመጣለሁ፤ ስልኬንም ኮሚቴው ሁሉ እንዲያየው ጠረጴዛው መሐል ላይ አስቀምጠዋለሁ። ክሱ ሲነበብ ቢጮኽ፣ እርስዎን በንግግርዎ መሐል አስቁሜ ፈቃድ ሳልጠይቅ ከረሜላዬን ፊትዎ እበላለሁ። በስብሰባ ላይ መብላት በአንቀጽ ስድስት የተከለከለ መሆኑን አውቃለሁ፤ ደንቡን ያነበብነው እኔና ግድግዳው ብቻ ሳንሆን አንቀርም። ለዚህኛው ጥፋቴ ሁለተኛ መዝገብ እንዲከፈትልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። መዝገቡን ስቀበል በአሥር ጣቴ ፈርሜ ነው የምቀበለው።

ጊዜዎን ስላባከንኩ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ፋብሪካውን ከእኔ በመጠበቅ ላሳዩት ትጋት ያለኝን ወሰን የሌለው አድናቆት እገልጻለሁ፤ እኔንም ከፋብሪካው የሚጠብቅ አንድ ክፍል ቢቋቋም በኃላፊነት እርስዎን ከመጠቆም ወደ ኋላ አልልም።

ለመፈተሽ ምንጊዜም ዝግጁ የሆነችው፣
የሁለተኛው ጠረጴዛ ጨርቅ ቆራጭ
(ፊርማ አለው)

ግልባጭ፦
ለቆረጣ ክፍል ኃላፊ፤
ለቁልፍ መጋዘን፣ ጋሼ ፍለጋውን አቁመው እንዲያርፉ፤
ለናሙና ክፍል፣ በኮቱ ላይ ላሳዩት ጥበብ ከምስጋና ጋር፤
ለባለቤቴ፣ ካልሲው የት እንደገባ እንዲያውቅ።

ማስታወሻ፦ ሰኞ ማስታወቂያውን ቆመው ሲያነቡልን እኔ ፊተኛው መስመር ላይ ነበርኩ። አንድ ገጽ አንብበው እስኪጨርሱ አንድ ሙሉ ጆግ ውሃ ጠጡ፤ ሁለት ጊዜም «መጣሁ» ብለው ወጥተው ተመለሱ። ቀበቶዎም ወደ ውስጥ አዲስ ቀዳዳ ተበስቶለታል። ሙቀቱ ይሆናል። እኔም ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ሙቀቱ ነው ብዬ ነበር። ሲስተር ረቡዕ ጠዋት ደም ስለሚመረምሩ፣ ከኮሚቴው በፊት እንዲደርስልዎ ተራ አስይዤልዎታለሁ፤ በባዶ ሆድ ይሂዱ። ያድርገው አልልም፤ ምናልባት ግን መለኪያዋ ከተሰጠችዎ ግራ ክንድዎ ላይ ያስለጥፏት። ማበጠሪያ መፈተሽ የምትጀምረው ከቀኝ ነው።