ከጋብቻ መዝገቡ የተቆረጠው ገጽ

ለምወድህ ወንድሜ ለጀርቬዝ፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ብርድ ሲገባ የሚቀሰቀስብህ ሳል እዚያ ኒውዚላንድ ለቀቀህ ወይስ አብሮህ ባሕር ተሻገረ? ባለቤትህ ሄስተርስ እንደምን አለች? በጎቹ፣ ሜዳው፣ በገዛ እጅህ የሠራኸው ቤት፣ ሁሉም እንዴት ነው? በመካከላችን ያለውን ርቀት ሳስበው ብዕሩ ከእጄ ይወድቃል፤ ስለዚህ ዛሬ እዚሁ ማዕድ ቤት፣ ከምድጃው ፊት ተቀምጠህ እንደምትሰማኝ አድርጌ ልጻፍልህ። እኔ በሰውነቴ ደኅና ነኝ። አባባም ከአልጋ ተነስተው በምርኩዝ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ይሄዳሉ።

ጋዜጣው አንተ ዘንድ እንደደረሰ አውቃለሁ። አባታችንን «ለጌቶች ብሎ መዝገብ የቆረጠ ቄስ» ያላቸውን ጽሑፍ አንብበሃል። እኔ ግን ይህን ሁሉ ወር ስለ ነገሩ አንዲት መስመር አልጻፍኩልህም። በመጀመሪያ ተታልዬ ነው፤ በኋላ ደግሞ አፍሬ። አሁን ከሥሩ ጀምሬ ልንገርህ። እስክጨርስ ድረስ አትፍረድብኝ።

ሎርድ ኦሪንግተን ባለፈው የካቲት ሞቱ። ለቀብራቸው ያልመጣ መኳንንት አልነበረም። የመቃብሩ አፈር ሳይደርቅ ግን ኤኖክ ድሬይኮት የሚባል ከብሪስቶል የመጣ አናጺ «የሟቹ ሕጋዊ ልጅ እኔ ነኝ» ብሎ ተነሳ። ለካ ሎርዱ በወጣትነታቸው፣ በ1831፣ ታቢታ የምትባለውን የወፍጮ ቤቱን ልጅ በእኛው ቤተ ክርስቲያን በድብቅ አግብተው ነበር። ኋላ እሷን ራቅ ካለ ከተማ ደብቀው፣ እንደ ላጤ ሰው ሌዲ ኦሪንግተንን አገቡ። ታቢታ የሞተችው የዛሬ አራት ዓመት ነው። እንግዲህ አስበው፤ የመጀመሪያዋ ሚስት በሕይወት እያለች የተፈጸመ ጋብቻ በሕግ ፊት ጋብቻ አይደለም። ሌዲ ኦሪንግተን ሚስት ሳይሆኑ ሊቀሩ፣ ልጆቻቸውም ያንን ሁሉ ግቢና ማዕረግ ሊያጡ ነው። ለዚህ ሁሉ ማስረጃው በቤተ ክርስቲያናችን ዕቃ ቤት፣ በብረቱ ሣጥን ውስጥ የተቀመጠው የጋብቻ መዝገብ ብቻ ነበር።

የኤኖክ ጠበቃ በሚያዝያ ለአባባ ጻፈ። አባባ ሣጥኑን ከፍተው አዩ፤ ስሞቹን፣ ቀኑን፣ የምስክሮቹን ፊርማ ቃል በቃል ገልብጠው «አለ» ብለው መለሱለት። ጠበቃው በሰኔ መጥቶ በዓይኑ እንዲያይ ተቀጣጠሩ። ይህን እኔ ለማንም መንገር አልነበረብኝም። ነገርኩ።

የነገርኩት ለሻምበል ኦብሪ ካርሊዮን ነው። በመጋቢት የኦሪንግተኖች እንግዳ ሆኖ መጣ። በመጀመሪያው እሑድ ከጸሎት በኋላ ወደ ኦርጋኑ ጠጋ ብሎ «ወይዘሪት ፌንዊክ፣ ሦስተኛው መዝሙር ላይ ተሳስተዋል፤ ግን ስህተትዎ ከትክክለኛው ይበልጣል» አለኝ። እንዴት እንደሳቅሁ! ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው ጀርቬዝ። እማማ ከሞተች ወዲህ ለአባባ ሻይ ሳፈላና የመንደሩን ልጆች ፊደል ሳስቆጥር ማንም ዞር ብሎ አይቶኝ አያውቅም። እሱ አየኝ። በየሳምንቱ ረቡዕ፣ መዝሙር ስለማመድ፣ አጠገቤ ቆሞ ገጽ ይገልጥልኝ ጀመር።

ያልወደደችው ወጥ ቤታችን ኬዚያ ብቻ ነበረች። ሊጥ እያሸች «የዚህ ሰውዬ ጫማ እንደ መስታወት ያበራል። የመንደራችን ጭቃ እንዴት አልነካውም? በአየር ላይ ነው እንዴ የሚሄደው?» ትላለች። «ቀንተሽ ነው» ብላት «እኔ? እንኳን ሻምበል፣ ጄኔራልም ቢመጣ አልፈልግ። ቁርጭምጭሚቴን የሚያሽልኝ ካለ ግን ይምጣ» ብላ አሳቀችኝ። ምነው ያን ቀን ከመሳቅ ሰምቻት ቢሆን!

በሚያዝያ መጨረሻ ከእማማ መቃብር አጠገብ እጄን ይዞ እንደሚያገባኝ ማለልኝ። አጎቱ እስኪፈቅድ ድረስ ግን ነገሩ በመካከላችን ይቆይ አለኝ። እሺ አልኩ። ለምን እሺ እንዳልኩ አትጠይቀኝ፤ ያን ጊዜ ባሕር ውስጥ ግቢ ቢለኝም እሺ ባይ ነበርኩ። ስለ አባባ፣ ስለ አንተ፣ ስለ ቤቱ ሁሉ ይጠይቀኛል፤ እኔም የሆዴን ሁሉ ዘርግፌ እነግረዋለሁ። የጠበቃውንም ደብዳቤ የነገርኩት እንዲሁ፣ ወሬ ለማሳመር ነው።

ግንቦት ሲገባ አባባ በሳንባ ምች ወደቁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ራሳቸውን አያውቁም ብለን ነበር። ቁልፎቹ እንደ ወትሮው ከራስጌያቸው ተሰቅለዋል፤ የዕቃ ቤቱም የብረት ሣጥኑም ቁልፍ በአንድ ቀለበት ላይ እንደሆነ ታውቃለህ። አንድ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ቀለበቱን ይዤ ለልምምድ ወጣሁ። ዝናቡ ይወርዳል፤ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ከኦብሪና ከእኔ በቀር ማንም የለም። «አሮጌውን የመዝሙር መጽሐፍ ከዕቃ ቤት ላምጣልሽ» አለኝ። ቀለበቱን እንዳለ ሰጠሁት። «መጫወትሽን አታቋርጪ፤ እዚያ ሆኜ እሰማሻለሁ» አለኝ። አላቋረጥኩም። ደስ ይበለው ብዬ መዝሙሩን አምስት ጊዜ ደጋገምኩት።

በሰኔ ጠበቃው መጣ። የደብሩ ሽማግሌዎች ባሉበት ሣጥኑ ተከፈተ። የ1831ዱ ገጽ የለም። በስለታም ነገር፣ ከስፌቱ ሥር፣ ጢም እንደሚላጭ ሰው በጥንቃቄ ተቆርጧል። ሣጥኑ አልተሰበረም፤ ቁልፉ ያለው ደግሞ አባባ ጋር ብቻ። ከሕመማቸው ገና ያላገገሙት አባባ ባዶውን ስፌት በጣታቸው እየዳሰሱ ቆሙ። በሎርዱ ማዕድ ስንት ዘመን ሲበሉ ኖረው ውለታ መለሱ ተባለ። በሳምንቱ ጳጳሱ ከአገልግሎት አገዷቸው፤ ነገሩ በኅዳር በጉባኤ እንዲታይ ተቀጠረ።

እኔ ወደ ኦብሪ ሮጥኩ። «ቁልፉን ለአንተ መስጠቴን ልናገር?» አልኩት። ፊቱ ሳይለወጥ «ውዴ፣ ከወንድ ጋር ብቻሽን ነበርሽ ይባላል። ስምሽ ይጠፋል፤ አባትሽንም ያ ይገድላቸዋል። ተዪው፤ ሌባውን እኔ እፈልግልሻለሁ» አለኝ። አብረን ፈለግን! ማንን የጠቆመኝ መሰለህ? መቃብር ቆፋሪውን ኦባዲያን። እኔም ቤቱ ድረስ ሄጄ፣ ሚስቱ ፊት፣ «ገጹን የወሰድከው አንተ ነህ?» ብዬ ጠየቅሁት። «አይደለሁም እመቤቴ» ብሎ ባርኔጣውን አወለቀ። ሚስቱ ስታለቅስ ትቻት ወጣሁ።

በጥቅምት ሌዲ ኦሪንግተን ለአደኑ ሰሞን ወደ ግቢያቸው ጠሩኝ። «አንቺ ልጅ በጣም ተጎዳሽ፤ እኛ ዘንድ ትንሽ እረፊ» ብለው የራሳቸውን ሐር ቀሚስ አስጠበቡልኝ። እጃቸውን ስሜ አመሰገንኳቸው። በአራተኛው ቀን፣ ምሳ ላይ፣ ሠላሳ ሰው በተቀመጠበት ገበታ ብርጭቆ አንስተው «ሻምበል ካርሊዮን ቤታችንን ከውርደት የጠበቀ ወዳጅ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ ልጄ ነው፤ ሴት ልጄን አውግስታን ሰጥቼዋለሁ» አሉ። ሁሉም አጨበጨበ። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል የሌዲ ኦሪንግተን ዓይን ወደ እኔ መጣና ቶሎ ሸሸ። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ተገለጠልኝ። የትኛው ውርደት? በምን ጠበቃቸው? እኔንስ ለምን አቅርበው አለበሱኝ? አፌን እንድይዝ ነበር። ሹካዬን ሳህኑ ላይ ሳስቀምጥ ድምፅ እንዳያሰማ መጠንቀቄን አስታውሳለሁ።

ከገበታው ሲነሱ በመስታወቱ የአበባ ቤት ውስጥ አገኘሁት። «ገጹን የቆረጥከው አንተ ነህ» አልኩት። ሊክድ እንኳ አልደከመም።

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል። ምን አደረግኩሽ? ቃል ገባሁ፣ ቃል አፈረስኩ። የመጀመሪያው ሰው አይደለሁም።»

«አባቴስ?»

«አባትሽ ሽማግሌ ናቸው። ከእንግዲህ ምን ይቀርባቸዋል?»

«ለጉባኤው እናገራለሁ።»

«ተናገሪ! ቁልፉን ከአባትሽ ራስጌ ያወረድሽው አንቺ፣ በእጄ ያስቀመጥሽው አንቺ። ከእኔ ጋር ስንት ረቡዕ ብቻሽን እንደነበርሽም አብረሽ ንገሪያቸው። ከዚያ ወዲያ የማንን ደጃፍ ትረግጫለሽ?» አለና አንድ አበባ ቀጥፎ ደረቱ ላይ ሰካ። ዘወር ሊል ሲል ፈገግ ብሎ «ደግሞ አምስት ጊዜ መደጋገም አያስፈልግሽም ነበር፤ ሁለቱ ይበቃኝ ነበር» አለኝ።

ጀርቬዝ፣ ማታለሉን ምናልባት አንድ ቀን ይቅር እለው ይሆናል። ይህችን ግን አልችልም። ያ ሰው ቁጭ ብሎ ቆጥሮልኛል። እኔ በፍቅር ስጫወት እሱ በምላጭ እየቆረጠ ይቆጥር ነበር።

በዚያው ሐር ቀሚስ፣ በዚያው ስስ ጫማ ጭቃውን እያንቦጫረቅሁ ቤቴ ገባሁ። ለአባባ አልነገርኳቸውም።

ጉባኤው ኅዳር አሥራ ሁለት ዋለ። ጳጳሱ፣ ጠበቆቹ፣ ሌዲ ኦሪንግተን ከነጥቁር መከናነቢያቸው፣ ኦብሪም ከጎናቸው ተቀምጧል። አባባ «የምናገረው የለኝም» ባሉ ጊዜ ብድግ አልኩ። ሁሉንም ተናገርኩ፤ ረቡዖቹን፣ ዝናቡን፣ ቀለበቱን፣ አጠገቡ ብቻዬን መሆኔን። የሴቶቹ ማራገቢያ ባንድ ጊዜ ቀጥ አለ። ኦብሪ ተነስቶ፣ በሐዘኔታ ድምፅ፣ «ወይዘሪቷ በጋብቻዬ ልባቸው ተሰብሯል፤ አልቀየማቸውም። እኔ ዕቃ ቤቱን ረግጬው አላውቅም» አለ። ሊያምኑት ነበር፤ በፊታቸው አየሁት።

ከበሩ በኩል አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ኦባዲያ ነው። ባርኔጣውን በሁለት እጁ እያሻሸ «ጌታዬ ጳጳስ፣ ያን ዕለት የመበለቲቱን የፕሪሲላን መቃብር ስቆፍር ዝናቡ ስለጠና ከዕቃ ቤቱ መስኮት ሥር ተጠልዬ ነበር። ሻምበሉ ሣጥኑ ላይ ጎንበስ ብሎ አየሁት። ሲወጣም ወረቀት ኮቱ ውስጥ እየከተተ ነበር» አለ። ጳጳሱ ለምን እስከ ዛሬ ዝም እንዳለ ጠየቁት። ኦባዲያ እኔን አየና «ወይዘሪት ፌንዊክ ቤቴ ድረስ መጥተው አንተ ወሰድክ ወይ ብለው ጠየቁኝ። እኔ ደግሞ አልወሰድኩም። ማንን አየህ ብሎ የጠየቀኝ የለም» አለ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

መበለት ፕሪሲላ የተቀበረችበት ቀን በቀብር መዝገቡ ተገኘ፤ እኔ ካልኩት ረቡዕ ማግስት ነው። ኦብሪ ባርኔጣውን አንስቶ ወጣ። በሳምንቱ ወደ ፈረንሳይ ተሻገረ አሉ። የአውግስታም ጋብቻ ቀረ። ለአባባ አገልግሎታቸው ተመለሰላቸው። ገጹ ተቃጥሎ ይሁን ተደብቆ አልተገኘም፤ ነገር ግን አባባ በሚያዝያ ቃል በቃል ገልብጠው የላኩት ደብዳቤ በጠበቃው እጅ ስላለ፣ የኤኖክን ነገር ፍርድ ቤቱ በእሱ ተመርኩዞ እያየው ነው።

በመልሱ መንገድ፣ ሰረገላው ውስጥ፣ ሳለቅስ አባባ ጉልበቴን መታ መታ አደረጉ። «ቁልፉን ስታወርጂ አይቼሻለሁ» አሉኝ። «ተኝቼ አልነበረም። ስትወጪ እያንጎራጎርሽ ነበር። ገጹ የጠፋ ዕለት ገባኝ፤ ለማን እንደሰጠሽው ግን አልጠየቅኩሽም። ራስሽ እስክትነግሪኝ ጠበቅሁ።» አምስት ወር ሙሉ! በየገበያው ሌባ ሲባሉ፣ ሕፃናት ሳይቀሩ ሲሸሿቸው፣ እኔን ላለማዋረድ ዝም ብለው ሲጠብቁ፣ እኔ ደግሞ ለአንድ ውሸታም ወግኜ የድሃ ሰው ቤት ሳስለቅስ ከረምኩ። እኔን ኦብሪ ካደኝ፤ አባባን የካድኳቸው ግን እኔ ነኝ።

አሁን የሚጠይቀን ሴት የለም። ልጆቻቸውንም ከእኔ ትምህርት አስቀርተዋል። እሑድ እሑድ ከኋላዬ ያለው ወንበር ባዶ ነው። የኦባዲያን ሚስት ይቅርታ ለመጠየቅ ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ፤ በሦስተኛው ግቢ አለችኝ።

ማክሰኞ ደግሞ ያንተ ደብዳቤ ደረሰ። ከፍቼ አነበብኩት። አንተም፣ ከአባባ እጅ በልተህ ያደግከው፣ ጋዜጣውን አመንክ። «ወንድ ልጅ ተወልዶልኛል፤ ቃል እንደገባሁት በአባባ ስም አምብሮዝ አልለውም፤ ያ ስም ቆሽሿል» ብለህ ጽፈሃል። ከኦብሪ ቃል ይልቅ ያንተ ቆረጠኝ። እሳት ውስጥ ልጥለው ነበር። ነገር ግን ከጉባኤው ወዲህ ከአባባ ምንም ላልደብቅ ምያለሁና ወስጄ ሰጠኋቸው። ወደ መስኮቱ ዞረው ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁና «ወንድ ነው ማለት ነው! ሄስተርስ በደኅና ተገላገለች?» አሉኝ። ሌላውን አላነሱትም።

እንግዲህ ለልጁ የወደድከውን ስም ስጠው። ለአባባ ግን በራስህ እጅ ጻፍላቸው።

ሄስተርን ሳምልኝ፤ እንኳን ማርያም ማረችሽ በላት። ሕፃኑን ግንባሩን ሳምልኝ። አብሮህ የሚሠራውን ማልኮምን ሰላም በልልኝ። ኬዚያ ለልጁ የሱፍ ካልሲ ጀምራለች፤ «ቁርጭምጭሚቴ እንደታመመ ነው፣ የሚያሽ አልተገኘም» በይው ብላኛለች። አባባ ዕድሜና ጤና ይስጥህ ብለው መርቀውሃል።

እህትህ ፊሊፓ ፌንዊክ
የቄስ ቤት፣ ኦሪንግተን መንደር፣ እንግሊዝ
ጥር 21 ቀን 1868