ፈንዲ ጋልጋሎ ሦስት ቀን የዘገዩበት ጥሪ

አቶ ጋልጋሎ ቱሪ ከአባታቸው ከአቶ ቱሪ ጎሎ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዳዶ ዐፋፍ በ1958 በሜጋ ከተማ ተወለዱ። የምንኖረው በኬንያ በኩል ስለሆነ ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ ጽፈነዋል። እስከ ስድስተኛ ክፍል እዚያው ተምረው፣ በወጣትነታቸው ጌታን ተቀብለው፣ በ1986 ከወይዘሮ ዋሪቱ ጋር ጎጆ ቀለሱ። ቢፍቱንና ኦብሳንም ወለዱ።

በ1991 አገር ሲታወክ ሁለቱን ሕፃናት ይዘው ድንበር ተሻገሩና ዋልዳ መጠለያ ገቡ። የውኃ ፓምፕ ጥገና የተማሩት እዚያ ነው። መጠለያው ሲዘጋ ሞያሌ ተቀመጡ፤ ሰዉም በስዋሂሊው «ፈንዲ» አላቸው፣ ባለሙያ ማለቱ ነው።

ቤተሰቡ እስከ ዛሬ መርምሮ ያልደረሰበት አንድ ነገር አለ። ፈንዲ ማንም ሳይልክባቸው ይሄዱ ነበር። ምሳ እየበሉ ድንገት ከገበታው ይነሣሉ፤ ከዚያ ከበሩ ኋላ የማይጠፋውን የመፍቻ ከረጢት አንሥተው «ኡራን ተጠርቻለሁ» ይሉና ቦዳቦዳ የሚሉትን የኪራይ ሞተር ብስክሌት ተሳፍረው ወደዚያ የአርብቶ አደር መንደር እብስ ነው። አንዳንዴ የመንደሩን የውኃ ፓምፕ ተሰብሮ ያገኙታል፤ አንዳንዴ ደግሞ ደኅና ሆኖ ያገኙትና ሻይ ጠጥተው ይመለሳሉ። ወይዘሮ ዋሪቱ «የእግዚአብሔር ድምፅ መሆኑን በምን ታውቃለህ?» ሲሏቸው፣ «የራሴ ሐሳብ ቢሆንማ ተኛ ይለኝ ነበር» ብለው ይመልሱ ነበር።

በ2011 ድርቁ በጸናበት ወራት፣ የቢፍቱ ሰርግ ሳምንት ላይ፣ ጥሪው መጣ። ድንኳን ተተክሎ፣ እንግዳ ገብቶ፣ የሙሽራ አባት ጥሎ አይሄድምና ሦስት ቀን ዘገዩ። ኡራን ሲደርሱ የአርብቶ አደሩን የአቶ ዲባን ከብቶች በፓምፑ ዙሪያ አልቀው አገኙ፤ ፓምፑን እንኳ ሳይፈትሹ በሐፍረት ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ «ጌታ ስለ እነዚያ ሦስት ቀናት ይጠይቀኛል» እያሉ ኖሩ። ቢፍቱም የሰርጓን ፎቶግራፍ ግድግዳ ላይ ሰቅላ አታውቅም።

በ2024 መጨረሻ በጉበት ሕመም አልጋ ያዙ። በየካቲት አንድ ቀን አቶ ዲባ ከኡራን ከብት በሚጭን የጭነት መኪና፣ በሎሪ፣ መጥተው ከበራችን ወረዱ። ፈንዲ ገና ሲያዩዋቸው ይቅርታ ለመኑ።

«ፓምፑ እኮ አልተሰበረም ነበር፤ ውኃው ነው የደረቀው» አሉ አቶ ዲባ። «በጊዜው ብትመጣም መፍቻህ ምንም አያደርግም ነበር።»

«ታዲያ ለምን ተጠራሁ?»

«እኔ እንጃ፣ ፈንዲ» አሉ አቶ ዲባ። «ብቻ ከብቶቼ ሲወድቁ አጠገቤ ሰው አልነበረም።»

ፈንዲ አለቀሱ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሚጠሩት ለፓምፑ ብቻ ይመስላቸው ነበር። አቶ ዲባም የመጡበት ሎሪ ሲመለስ ሳይሳፈሩ ቀሩ፤ በራሳቸው ሃይማኖት እየጸለዩ ከአልጋው አጠገብ ተቀመጡ። ፈንዲ ጋልጋሎ የካቲት 19 ቀን 2025 በተወለዱ በ67 ዓመታቸው እጃቸው በአቶ ዲባ እጅ እንዳለ ዐረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አምስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተዋል። ወደዚህ የመጨረሻ ጥሪ ሳይዘገዩ ሄደዋልና ጌታ በደስታ ይቀበላቸው፤ ነፍሳቸውንም ከቅዱሳኑ ጋር ያሳርፍ።

የፈንዲን መታመም ለኡራን ሰው የነገረ ከቤታችን ማንም የለም። ማን እንደ ላከባቸው አቶ ዲባን ጠይቀናቸው ነበር፤ «ማንም» አሉን።