የፎቶ ቤቱ ኮት

ልጄ ሚዛን፣ የሜልቦርን ብርድ አይንካሽ፤ ደጅሽን ክፉ አይርገጠው። እኔ ደህና ነኝ፤ የዚህ አገር ሚኒባስ፣ ማታቱ፣ ስሳፈር ብቻ ጉልበቴ ይከዳኛል። እዚህ ሰፈራችን ካሳራኒ ውኃ ከጠፋ ሰነበተ፤ ምግብ ቤቱን ግን አልዘጋሁም።

አዲስ አበባ ጽፈሽ «መቶ አለቃ አለኸኝ የሚባል መኮንን መዝገብ ላይ የለም» ሲሉሽ፣ «አባቴ ጦሩን ከድቶ ሌላ አገር ሌላ ትዳር ይዟል» አልሽኝ። ዝም ያልኩሽ ተናድጄ አልነበረም። እንዳልሽው በሆነ፣ በሕይወት በኖረ ብዬ ነበር።

እሑድ ጋሽ ጥጋቡ የሚባሉ የድሮ ወታደር ለምሳ መጡ። ግድግዳው ላይ የአባትሽን ፎቶ አይተው ሳቁ። «ይህን ኮት እኔም ለብሼዋለሁ! አስመራ የፎቶ ቤቱ ነው» አሉ። ተራው ወታደር ለቤተሰቡ ፎቶ ሲልክ ያንን የመቶ አለቃ ማዕረግ ያለበትን ኮት ተውሶ ይነሣ ነበር አሉኝ። በማግስቱ የራሳቸውን ፎቶ አመጡ፤ ያው ኮት፣ ያው የጎደለ ቁልፍ።

አባትሽ መኮንን አልነበረም፤ እኛ በኮቱ ስንፈልገው ኖርን። ጋሽ ጥጋቡ እስከዚያ ኮቱን እንጂ ፊቱን ልብ አላሉትም ነበር፤ የማን ፎቶ እንደሆነ ስነግራቸው ጋሽ ጥጋቡ ሳቃቸው ጠፋ። ምጽዋ ላይ አብረው ነበሩ። «እኔ ነኝ የቀበርኩት። ሸሚዝ እንኳ አልነበረውም» አሉኝ።

መርዶ በደብዳቤ እንደማይነገር አውቃለሁ። እዚህ ብትሆኚ ጎህ ሳይቀድ ሽማግሌ ልኬ በርሽን አስንኳኳ ነበር። እዚያ ማንን ልላክ? እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ዕድሜ ይስጥሽ። እባክሽ ልጄ፣ ዛሬ ሥራ አትሂጂ፤ አንድ ሰው ጥሪ። ብቻሽን አታልቅሺ።

እናትሽ አስናቀች