ቢጫ ቀለም በእማዬ ቤት

ሰኞ፣ ማርች 2
ዕቃዬን ጠቅልዬ ቤት ገባሁ። የምሠራበትን ክፍል አከራዩ ለፀጉር ቤት ሰጠው። እሰይ! አሁን ማካራፓዎቼን፣ የደጋፊ ሄልሜቶቼን፣ የት ልሠራ ነው? እማዬ ደግሞ የማዕድን ሠራተኛ ሄልሜት ቆርጦ፣ ቀለም ቀብቶ ለኳስ ደጋፊ መሸጥ ሥራ አይመስላትም።

የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ያዝኩ። ገና መጋዙን ከማስነሳቴ...
«ማሴጎ! ገንፎዬ ውስጥ ፕላስቲክ ገባ!»
«ክደኚዋ!»
«በገዛ ቤቴ?»
ተነሳሁ። ምን ላድርግ?

ረቡዕ፣ ማርች 4
ግቢ ወጣሁ። ጋሽ ሌፎካ ደወሉ፣ የቢጫዎቹ ቡድን ደጋፊዎች ሰብሳቢ፣ ሄልሜት ያዘዙኝ። ደርቢው፣ የነሱና የኛ ቡድን ግጥሚያ፣ የፊታችን ሳይሆን የሚቀጥለው ቅዳሜ ነው፣ ሄልሜታቸውን ዋዜማው ላይ ይወስዳሉ። «ከወደድኩት የሰፈሩ ደጋፊ በሙሉ አንቺ ጋ ያሠራል» አሉ። ካልወደዱትስ? እህቴ ፔትሮኔላ ሱፐርማርኬቱ ውስጥ የድሮ የካሸር ቦታዬን ይዛልኛለች። ስድስት ዓመት ደርቄበታለሁ እዚያ ወንበር ላይ። አልመለስም። አልመለስም!

የቆረጥኩትን ፕላስቲክ በሙቅ አየር ማሽን አለስልሼ ወደ ላይ ላቆመው ስል፣ እማዬ የኤሌክትሪክ ምድጃውን አበራች። ቆጣሪው ጧ ብሎ መብራት ጠፋ! ደንግጬ ጣቴን አቃጠልኩ። ቀለም ቀባሁ፣ ነፋስ ተነስቶ የሶዌቶን አቧራ በሙሉ ለጠፈበት። ፈግፍጌ አነሳሁት። ኤጭ!

ሐሙስ፣ ማርች 5
መብራት የለም። የሚጻፍም የለም።

ቅዳሜ፣ ማርች 7
ጋራዡን ለመንኩ። የአባዬ መኪና የቆመበትን። አባዬ ከሞተ ወዲህ ንቅንቅ ብሎ አያውቅም፣ ጎማው ተንፍሶ፣ የቡድናችንን ጥቁርና ነጭ ባንዲራ ለብሶ። ማንም አይነካውም። እማዬ ግን እሺ አለች! ጥጉን ራሷ ጠረገች፣ አሮጌ በር በርሜል ላይ አጋድማ ጠረጴዛ ሠራችልኝ። እንባዬ መጣ። ከዚያ የቀለሙን ጣሳ ከፈትኩ።
«ምንድነው ይሄ?»
«ቀለም።»
«ቢጫ? በአባትሽ ባንዲራ ፊት? አባትሽ እኮ የደርቢ ቀን የእንቁላል አስኳል አይበላም ነበር!»
«እማዬ፣ ሥራ ነው!»
«ውጪልኝ!»

እኔስ የማን ልጅ ነኝ? እኔም ጥቁርና ነጭ ነኝ። ደርቢ ሲደርስ ዱባ እንኳ እዚህ ቤት አይገባም። ግን እኔ ደንበኛ በቀለም ልምረጥ?

ማክሰኞ፣ ማርች 10
ሽንት ቤት። አዎ፣ ሽንት ቤት ውስጥ እየሠራሁ ነው። ሄልሜቱ ክዳኑ ላይ፣ እኔ ባልዲ ላይ። የቀለም ማቅጠኛው የአኳራጁ ሽታ ጭንቅላቴን ሊፈልጠው ነው። እማዬ በሩን ትደበድባለች።
«ልትሞቺ ነው ወይስ ልትወጪ?»
«ሁለቱንም!»
ቢጫው ግን... አምሯል። የቀረው የግንባሩ ሥዕል ብቻ።

ሐሙስ፣ ማርች 12
ጉድ ሆንኩ። ትናንት ሲመሻሽ መብራት ሄደ፣ በሻማ ሣልኩ። ሐሳቤ ሌላ ቦታ፣ እጄ ብቻውን ይሠራል። ዛሬ በሩን ስከፍት በጋሽ ሌፎካ ሄልሜት ግንባር ላይ ምን አየሁ? የራስ ቅልና ሁለት አጥንት። የኛ ምልክት! አባዬ ከሕፃንነቴ ጀምሮ መሣል ያስለመደኝ! ይህን ደፍተው ስታዲየም ቢገቡ የገዛ ሰዎቻቸው ቁም ስቅላቸውን ነው የሚያሳዩአቸው።

እማዬ ከኋላዬ መጥታ አየችው። ከዚያ ሳቅ! ግድግዳ ተደግፋ፣ ሆዷን ይዛ። አባዬ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ስቃ አታውቅም።
«አባትሽ ይህን ባየ!»
«አትሳቂ! ነገ ይመጣሉ። አለቀልኝ፣ ወደዚያ ወንበር መመለሴ ነው።» አለቀስኩ። እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅኩ።
ሳቋን አቆመች።
«ካሸር? እንደገና?»
«ሌላ ምን አለኝ?»
እጇን ዘረጋች። «ብሩሹን አምጪ። ያንቺ እጅ የራስ ቅል ነው የሚያውቀው።»

እማዬ ቢጫ ቀባች! በዓይኔ አየሁ። «አባትሽ ይቅር ይበለኝ» እያለች፣ የራስ ቅሉ እስኪጠፋ ደጋገመችበት። ሲደርቅ የነሱን ምልክት እኔ ሣልኩበት፣ እሷ እጄን እየተከታተለች።

እሑድ፣ ማርች 15
ጋሽ ሌፎካ ሄልሜቱን ዓርብ ወስደውታል። ትናንት ጎረቤቶች ቤታችን ተሰብስበው ደርቢውን አየን። እማዬ ጥቁርና ነጭ ሻርፗን ለብሳለች። ካሜራው ጋሽ ሌፎካን ሲያሳይ «ሄልሜቷ የኛ ናት! የልጄ ሥራ ናት!» ብላ ዘላ ተነሳች። ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። ቢጫዎቹ ሲያገቡ ደግሞ ሄልሜቱንም እኔንም ረገመችን። ተሸነፍን። አናደደኝ፣ እውነቴን ነው።

ዛሬ ጠዋት ጋሽ ሌፎካ ደወሉ። የሰፈሩ ደጋፊ በሙሉ ሊያሠራ ነው! ፔትሮኔላን ቦታውን ለሌላ ሰው ስጪው አልኳት።

እማዬ ጎረቤቶችን ጠርታ መኪናውን ከጋራዡ አስገፋችው። ባንዲራውን አጣጥፋ ሣጥኗ ውስጥ ከተተችው። ስፍራው ሰፋ፣ ብርሃን ገባ። ብሩሾቼን ልደረድር ስል ትልቁን አነሳችና ሽርጧ ኪስ ውስጥ ሻጥ አደረገችው።
«የት ልትወስጂው ነው?»
«ቢጫውን የምቀባው እኔ ነኝ። ያንቺ እጅ አይታመንም።»