ከታች ማለት ከየት ነው?

ጥቅምት 5

ሰባ ስድስት ዓመቴ ነው። ውሃ ራሴ እቀዳለሁ። ጸጉሬን ራሴ እላጫለሁ። ሰላት ቆሜ እሰግዳለሁ፣ ወንበር አልፈልግም። በቅሎዬን ራሴ እጭናለሁ። ማንበብም... በመሠረተ ትምህርት ዘመን የቆጠርኳት ፊደል አለች፤ ቀስ እያልኩ፣ ጣቴን እያስከተልኩ። ይሄን የምጽፈውም እጄ እንዳይረሳ ነው።

ዛሬ ደህና ቀን ነበር። ባቄላው ደርሷል።

ሁዳ ከሥራ መጣች። የልጄ ልጅ ናት፣ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ። ሚስቴ ራሕማ፣ አሏህ ይርሐማትና፣ ከሞተች ወዲህ አብራኝ ነው የምትኖር። አሁን ደግሞ ሌላ ሥራ አምጥታለች። ኢንተርኔት ላይ ስለ ሴቶች በሽታ የተጻፈ አለ፤ ማንም ገብቶ ማረም ይችላል አለችኝ። ማንም? አማርኛው ከእንግሊዝኛ እንዲሁ የተገለበጠ ነው። አንዱ የማህፀን በር ያለውን ሌላው የማህፀን አንገት ይለዋል፤ አንዱ ጭራሽ ማህፀንንና የሽንት ፊኛን ደባልቋል። እሷ ታርማለች፣ ለኔ ታነብልኛለች። ለአባባ ከገባ ለአገሩ ሁሉ ይገባል አለች። ስድብ ነው ሙገሳ? ሙገሳ ብዬ ያዝኩት።

ጥቅምት 8

ተጣላን። የዛሬው ጽሑፍ «ካረጡ በኋላ ከብልት የሚፈስ ደም» ይላል። ፊት ለፊቴ አነበበችው! ቁሚ አልኳት። ይሄ ቃል በዚህ ቤት ተነግሮ አያውቅም። ማረጥ ደግሞ ስድብ ነው፤ ማን ነው ሴትን ያረጠች ብሎ የሚጽፍ? ሁዳ ተከራከረች። ትክክለኛ ስሙ ነው፣ ደሙ ከየት እንደሆነ ካልተጻፈ ምን ዋጋ አለው አለች።

«ዕድሜያቸው የገፋ ሴቶች ከታች ደም ሲያዩ በይ። ጨዋ ሰው ይገባዋል።»

እንዳልኩት ጻፈችው። ለዘመዱ ሁሉ በስልክ ላከችው። አሸነፍኩ። እራት ጣፈጠኝ።

ጥቅምት 13

አንድ የማይታወቅ ሰው ጽሑፉ ሥር ጥያቄ ጽፏል። «ከታች ማለት ከየት ነው?» ይኸው ነው፣ ስሙም የለም። አሳዳጊ የለውም? ለጨዋ ሰው ግልጽ ነው ብለሽ መልሺለት አልኳት። ሁዳ ጻፈች። ስትጽፍ ግን ቀና ብላ አላየችኝም።

ጥቅምት 21

ጉልበቴን ቆረጠመኝ። ለማንም አልተናገርኩም።

ኅዳር 2

እህቴ ፈርሂያ ከከላላ መጣች። እኔ የመጀመሪያው፣ እሷ የመጨረሻዋ፤ አዝዬ ነው ያሳደግኳት። እስከ ዛሬ ጋሹ ትለኛለች። ከስታለች። ከምሳ በፊት ከዘንቢሏ ጠርሙስ አወጣች። የጠቆረ ነገር ነው፣ ዓይኗን ጨፍና ጠጣችው።

ምንድን ነው? የኪንታሮት መድኃኒት ነው አለች። ከላላ ገበያ ያለው መድኃኒተኛ ነው የሰጣት። አሏህ ያሽርሽ ብዬ ልተወው ነበር... ጨመረች። ደም ማየት ከጀመረች ሰንብታለች። ልጇ ፊርደውስ ሁዳ የላከችውን አንብባላታለች። ያም ከታች ደም ይላል፣ መድኃኒተኛውም ከታች ደም ይላል፤ አንድ ነው ብላ መድኃኒቱን ያዘች።

ከታች ያልኩት እኔ ነኝ።

ሁዳ ሥራ ላይ ናት። ፈርሂያ መኪናው እንዳያመልጠኝ እያለች ዘንቢሏን አንስታለች። ሁዳ እስክትመጣ ቆዪ ልበላት? ትሄዳለች። ታዲያ ማን ይጠይቃት? ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

«ፈርሂያ፣ ደሙ ከፊት ነው ከኋላ?»

ዘንቢሏን መልሳ አስቀመጠች።

«ጋሹ... ዛሬ ምን ነካዎት?»

«ከመቀመጫሽ ነው ወይስ ከብልትሽ? ንገሪኝ።»

ወላሂ፣ ከአፌ ወጣ። ጣሪያው አልወደቀም።

ሻሿን ፊቷ ላይ ሳበች። «ከፊት ነው። የወር አበባዬ ከቆመ ስንት ዓመቱ፣ ተመልሶ መጣ» አለች።

«ታዲያ ለመድኃኒተኛው ለምን አልነገርሽውም?»

«ለባዳ ወንድ ከፊት ነው ልበለው? ከታች ነው አልኩት። እሱም አፈረ መሰል፣ ሌላ አልጠየቀኝም።»

ጠርሙሱን ወስጄ ደጅ ደፋሁት። ለሁዳ ደወልኩ። ያ ረቢ... ፈርሂያ ራሷ፣ መድኃኒተኛው፣ እኔ። ሦስት ጨዋ ሰዎች ተጋግዘን ልንገድላት።

ኅዳር 3

ሁዳ መርምራ ወደ ደሴ ሆስፒታል ጻፈችላት። ካረጡ በኋላ የሚመጣ ደም ጥቂትም ቢሆን መታየት አለበት አለች። ካንሰር ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ጽሑፉን እንደነበረው መልሺው አልኳት። ሁሉንም። ማረጥ በይ፣ ብልት በይ፣ ከመቀመጫ ከሚመጣው ደም እንደሚለይም ጨምሪበት። ከጨረሰች በኋላ ስልኩን ተቀብዬ ራሴ አነበብኩት፣ ድምፄን አውጥቼ። ብ... ል... ት። ላብ አጠመቀኝ። ሁዳ ሳቋን መያዝ አቃታት። እኔም።

ኅዳር 6

ደሴ። ሁዳ ተረኛ ናት፤ ፈርሂያን ይዤ የመጣሁት እኔ ነኝ። እስከ ወረኢሉ አልተነጋገርንም። ከዚያ ወዲያ ብርቱካን ልጣ ሰጠችኝ።

የሴቶች መመርመሪያው በር ላይ ያለው ሁሉ ሴት ነው። አንዷ፣ አባቴ፣ የወንዶቹ በዚያ በኩል ነው አለችኝ። እዚሁ ነኝ አልኳት። ሐኪሙ ወጣት ወንድ። ምን ሆነሽ ሲላት ፈርሂያ ወደኔ ዞረች። ከታች ልትል እንደሆነ አውቄያለሁ።

«ካረጠች በኋላ ከብልቷ ደም እየፈሰሳት ነው» አልኩት።

እንዲህ አድርጎ የሚነግረኝ ሰው ሁሌ ባገኝ አለ። ፈርሂያ ክንዴን ቆነጠጠችኝ፣ በልጅነቷ እንደምታደርገው።

የማህፀን በሯ ላይ የበቀለች ትንሽ ሥጋ አገኘ። ቆርጦ አወጣት፤ ለምርመራ ላካት። አሁን መጠበቅ ነው።

ኅዳር 14

ውጤት የለም። እህል አልወርድ አለኝ። ዱዓ ብቻ።

ኅዳር 22

አልሐምዱሊላህ። ንጹሕ ነው። ካንሰር አይደለም። ደሙም ቆሟል። ፈርሂያ በስልክ፣ ጋሹ፣ ያ መራራ ነገር ከተረፈ ለበቅሎዎ ያጠጧት አለችኝ። ቀልዷ ተመልሷል። ዛሬ ጉልበቴ ራሱ አላመመኝም።

ታኅሣሥ 2

ወሬው ከተማ ገብቷል። መስጊድ በር ላይ አዩብ፣ እኩያዬ ነው፣ በሰው መሐል «የሴቶቹ ሐኪም መጣ» አለ። ሰው ሳቀ። ድሮ ቢሆን ሳምንት እኮርፍ ነበር። መርሐባ፣ የታመመ ካለህ አምጣ አልኩት።

ከዙሁር ሰላት በኋላ ብቻውን ተከተለኝ። መሬት መሬቱን እያየ፣ ያን ጽሑፍ ሁዳ ለልጄ ትላክላት አለ። ማን እንደታመመች አልጠየቅኩትም። ከፊት ነው ከኋላ ብለህ ጠይቃት አልኩት። «እኔ?» አለ። አንተ አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ሄደ።

ያለብኝን ዕዳ ልጻፈው። ለዚያ ስም ለሌለው ጠያቂ፣ ልክ ነህ፣ ጥያቄህ ጥያቄ ነው ብዬ በገዛ ጣቴ መጻፍ፤ የት እንደሚነካ ሁዳ አሳይታኛለች። ለከላላው መድኃኒተኛ፣ በቅሎዬን ጭኜ ሄጄ፣ ደም አየሁ ያለችህን ሴት ከየት ነው ብለህ ጠይቅ፣ ከፊት ካለችህ ጤና ጣቢያ ላካት ማለት። እግረ መንገዴን ፈርሂያ ቤት ማደር፤ ብዙ ዓመት ቀርቻለሁ። ለሁዳ፣ የሚቀጥለውን ጽሑፍ ሳላቋርጥ መስማት... ይሄ ከሁሉም ይከብደኛል። ለራሕማ መቃብሯ ድረስ ሄጄ ዱዓ ማድረግ፣ ምን ቃል ከአፌ እንደወጣም መንገር። አታምነኝም።

ሁዳ እኔ ልጻፍልዎ፣ እኔ ልሂድልዎ ትላለች። አይሆንም። ሁሉንም ራሴ።